ሞተር ብስክሌት ቤት የሚገባው በጎማው ነው ወይስ በሊብሬው?

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ አዘዞንና ማክሰኝትን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ እንፍራንዝን ያገኛል። ከከተማዋ በላይ ዐፄ ሠርፀ ድንግል በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት የጉዛራ ቤተ መንግሥት ቆሟል፤ ከበታቿ እስከ ጣና ዳርቻ የሚደርስ ሜዳ ተዘርግቷል። አስፋልቱ ከተማዋን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ይሁንና የገበያዋን ዕቃ የሚያመጣው ሰው አስፋልት ዳር አይኖርም። ሽንኩርቱ፣ ሽምብራውና ጤፉ የሚመጣው ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ፣ መኪና በበጋ ብቻ ከሚገባባቸው ወይም ጭራሽ ከማይገባባቸው ቀበሌዎች ነው። ይህን ክፍተት ለዘመናት ሞልተው የኖሩት በቅሎና አህያ ናቸው። ባለፉት ዓመታት ግን የበቅሎዋን ቦታ ሞተር ብስክሌት እየወሰደ መጥቷል።

እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሞተር ብስክሌት ላይ ሲያውል የሚገዛው መጓጓዣ ብቻ አይደለም። በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ጤና ጣቢያ ማድረሻ፣ ሽንኩርት ሳይበሰብስ ገበያ ማስገቢያ፣ ሥራ ላጣ ወጣት ልጅም እንጀራ ነው። ለዚህም ሲባል በሬ ይሸጣል፣ ዕቁብ ይወጣል፣ ከዘመድ ይበደራል። ስለዚህም ግዢው ከተበላሸ የሚበላሸው ብዙ ነገር ነው።

ለመሆኑ ግዢው የሚበላሸው የት ላይ ነው? ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ መልኩና ስለ ዋጋው ነው። በእኛ እምነት ግን የሚያከስረው ሌላ ነው። አንደኛው መልክን ከአሠራር ሳይለዩ መግዛት ነው፤ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ ሞተሩን ቤት አስገብቶ ወረቀቱን ሻጭ ዘንድ ትቶ መምጣት ነው።

የዱሮ መልክ ሌላ፣ የዱሮ ሞተር ሌላ

በዓለም ገበያ ላይ የዱሮ መልክ ያለው ሞተር ብስክሌት እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። ክብ የፊት መብራት፣ ክብብ ያለ የቤንዚን ታንክ፣ ረጅምና ጠፍጣፋ ወንበር፣ በኒኬል የሚያብረቀርቅ ማርሚታ ያለው ማለታችን ነው። የዚህ ፋሽን ግንባር ቀደም ሮያል ኤንፊልድ ነው። ኩባንያው በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1955 ለህንድ ጦር ሠራዊት በተሰጠ ትዕዛዝ ምክንያት ማድራስ ከተማ ውስጥ ማምረት ተጀመረ። የእንግሊዙ ፋብሪካ በ1970ዎቹ መባቻ ሲዘጋ የህንዱ ቀጠለ፤ ያንኑ የዱሮ ሞዴል እየሠራ ለዘመናት ኖረ። ዛሬ ዓለም የሚሻማበት የዱሮ መልክ እንግዲህ በአንድ ታዳጊ አገር ፋብሪካ ውስጥ ሳይሞት የቆየ ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን እዚህ ላይ ገዢ ልብ ሊል የሚገባው ነገር አለ። በአሁኑ ጊዜ የዱሮ መልክ ይዘው ከሚወጡት ሞተሮች ብዙዎቹ ውስጣቸው አዲስ ነው። ካርቡራቶር የላቸውም፤ ቤንዚኑን የሚረጨው በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ፍሬናቸውም በኮምፒውተር ይታገዛል። ዴልሂ ወይም ለንደን ለሚኖር ሰው ይህ መልካም ነው። እንፍራንዝ ላይ ግን መሣሪያው አንድ ቀን እምቢ ያለ እንደሆነ ምርመራ የሚያደርግለት ኮምፒውተር የሚገኘው ምናልባት አዲስ አበባ ነው።

የእንፍራንዝ ሰው የሚፈልገው የተገላቢጦሹን ነው። መልኩ የፈለገውን ይሁን፣ ውስጡ የዱሮ የሆነ ሞተር ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለውን ሞተር ታሪክ አስቀድሞ አዘጋጅቶለታል። ሆንዳ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለታዳጊ አገሮች ታስቦ የተሠራ ሲጂ 125 የሚባል ሞተር ብስክሌት አወጣ። ኩባንያው በእነዚህ አገሮች ተጠቃሚው ዘይት በወቅቱ እንደማይቀይር፣ ከልክ በላይ እንደሚጭንና አቧራ ውስጥ እንደሚነዳ ተረድቶ ነበር። ስለዚህ የጊዜውን ፋሽን ተከትሎ ከላይ በሰንሰለት የሚዞር አሠራር ከመጠቀም ይልቅ ቫልቮላዎቹን በዘንግ የሚገፋ ያረጀ የሚመስል ግን ቻይ የሆነ አሠራር መረጠ። ከጊዜ በኋላ የቻይና ፋብሪካዎች ይህንኑ ሞተር እየገለበጡ በብዛት አመረቱት። በአፍሪካ ገጠር በየስሙ የሚሸጡት የቻይና ሞተሮች አብዛኞቹ የዚህ ዘሮች ናቸው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ቦክሰር የሚባለው ሞተርም አሠራሩ ሌላ ቢሆንም ዓላማው ያው ነው፤ አንድ ፒስተን ያለው፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ቀላልና ዕቃ ለመጫን የተመቸ ነው።

ከፍታውም የራሱ ዋጋ አለው

በጎንደር ደጋ ሞተር የሚገዛ ሰው ሌላም የሚያውቀው ነገር ሊኖር ይገባል። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ ሳይሆን በአየርም ነው። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት በዚያው መጠን ይወርዳል። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይቀንስበታል። በካታሎግ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት የተለካው ለቆላ አየር ነው። ስለዚህ ሁለት ሰውና አንድ ኩንታል እጭናለሁ የሚል ገዢ 100 ሲሲ አይቶ በርካሽነቱ ከሚደሰት 125 ወይም 150 ሲሲ ቢመለከት ይሻለዋል።

በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ከፍታ ላይ ሲወጣ አየሩ ሲሳሳበት ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚንም በከንቱ ይበላል። እውነቱን ለመናገር በኤሌክትሮኒክ የሚረጨው አዲሱ ሞተር ይህን ችግር በራሱ ያስተካክለዋል። የካርቡራቶሩን ችግር ግን አንድ የመንደር መካኒክ በጠመንዘዣ ያስተካክለዋል። የዱሮው ሞተር ብልጫው አለመበላሸቱ አይደለም፤ ሲበላሽ በአካባቢው ሰው መጠገኑ ነው።

የእኛ አገር መካኒክ ይህን ሙያ የወረሰው ዛሬ አይደለም። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ካላማዳሪያ የሚባሉትን ቃላት ያመጣቸው ጣሊያን ነው። ጎንደርም እ.ኤ.አ. እስከ ኅዳር 1941 ድረስ በአገራችን የጣሊያን ጦር የመጨረሻ ምሽግ እንደነበረች ይታወቃል። ወራሪው ሄደ፤ የመሣሪያው ስም ከነሙያው ቀረ። ጋራዥ ዳር ያደገ ልጅ እነዚህን ክፍሎች በእጁ ዳስሶ ያውቃቸዋል። ስለዚህ ሞተር ከመግዛት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ይሮጣል?» የሚለው አይደለም። «ፍሪሲዮኑና ካቴናው ጎንደር ላይ ይገኛል ወይ? የሰፈሬ መካኒክ ከዚህ በፊት ፈትቶት ያውቃል ወይ?» የሚለው ነው።

በሬ ሲገዛ ዋስ፣ ሞተር ሲገዛ ውክልና

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የአገራችን ገበሬ በሬ ሲገዛ እንዴት እንደሚጠነቀቅ የማያውቅ የለም። ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ሻጩን ዋስ ይጠይቃል። በሬው የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የሚይዘው ሰው ይፈልጋል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው የበርካታ በሬ ዋጋ የሚያወጣ ሞተር ብስክሌት ሲገዛ ግን ቁልፉን ተቀብሎ በአንድ ወረቀት ብቻ ተማምኖ ይመለሳል። ያ ወረቀት ውክልና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቧል። ስም ለማዛወር ክፍያ አለ፣ ምልልስ አለ፣ ፋይል ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ማስላክ አለ። ስለዚህ ሻጭና ገዢ ይስማሙና ሻጩ «በስሜ ያለውን ሞተር እንዲነዳ፣ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» ብሎ ውክልና ይሰጣል። ገዢው ሞተሩን የራሱ ያደረገ ይመስለዋል። አንዳንዴም ያ ሞተር በውክልና ላይ ውክልና እየተሰጠበት ሦስት አራት እጅ ያልፋል።

ሕጉ ስለዚህ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2226 ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊሽር እንደሚችል ይናገራል። በአንቀጽ 2232 ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል ይላል። ይህ ማለት ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የያዘው ንብረት ሻጩ ሐሳቡን በቀየረ ወይም በሞተ ቀን ክርክር ውስጥ ይገባል ማለት ነው። የሟች ልጆች «የአባታችን ሞተር» ብለው ሲመጡ በእጁ ያለው ወረቀት ብዙ አይረዳውም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው።

አደጋው ግን ለገዢው ብቻ አይደለም። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ፣ የነዳው ሰው ፈቃድ ያልተሰጠው እንኳ ቢሆን ከኃላፊነት እንደማያመልጥ ይደነግጋል። የሚድነው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ነው። እንግዲህ ጎንደር ላይ ሞተሩን ሸጦ ገንዘቡን የበላ ሰው ሊብሬው ገና በስሙ ሳለ ያ ሞተር እንፍራንዝ አቅራቢያ ሕፃን ቢገጭ ተጎጂው ወገን መዝገብ አገላብጦ የሚያገኘው የሻጩን ስም ነው። ሻጩ ሸጫለሁ ብሎ ለመከራከር ፍርድ ቤት መመላለስ ይኖርበታል። ስለዚህ ስም ማዛወር ለገዢ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ለሻጭም የእንቅልፍ ዋጋ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ጭራሹን ወረቀት የሌለው ሞተር ነው። ጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ መነሻ ናት፤ በድንበር በኩል ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚገባ ዕቃ ገበያውን እንደሚያውክ ለነጋዴ አይነገረውም። የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሌለው ሞተር በርካሽ ይሸጣል። ይሁንና በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት በኮንትሮባንድ የገባ ዕቃ ይወረሳል። ሲወረስም ገዢው በየዋህነት ነው የገዛሁት ቢል የከፈለውን ማን ይመልስለታል? በርካሽ የገዛ መስሎት ሙሉውን ያጣል።

ወረቀት የሌለው ሞተር መንገድም ላይ አያስኬድም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሳቢያ ኬላውና ፍተሻው ምን ያህል እንደበዛ የክልሉ ነዋሪ ያውቀዋል። ሞተር ብስክሌት ፈጣንና በጠባብ መንገድ የሚሄድ በመሆኑ በፀጥታ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚጠረጠር መጓጓዣ ነው። ሰሌዳና ሊብሬ የሌለው ሰው ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ለጥርጣሬ ያጋልጣል። አዲስ አበባም የታየው ከዚህ የራቀ አይደለም። ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በወንጀል መበራከት ምክንያት የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን ሲያግድ መንገድ የተተወላቸው ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። እገዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወድቀው ወረቀት የሌለው ነው።

በመጨረሻም አንድ የገበያ ነጥብ እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና ሊያዝ ይችላል፤ መዝገቡም በብሔራዊ ባንክ ተቋቁሟል። ቀድሞ አብቁተ ይባል የነበረውና ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው ተቋም በክልሉ ገጠር ድረስ የዘለቀ ነው። ሊብሬው በስሙ ያለ ሰው ሞተሩን አስይዞ ለመበደር ቢያንስ መጠየቅ ይችላል። በውክልና የያዘው ግን ምን ብሎ ይጠይቃል? ያው ብረት፣ ያው ጎማ፣ ያው ሞተር፤ አንዱ ካፒታል ሲሆን ሌላው ብረት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሱቁ ዋጋ በላይ ያለው ዋጋ

ሌላው ብዙ ገዢ የሚሳሳትበት ነገር ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለሱቁ መክፈሉ ነው። ሱቁ ላይ የሚከፈለው የመጀመሪያው ክፍያ እንጂ የመጨረሻው አይደለም። ስም ማዛወሪያና ሰሌዳ አለ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን አለ። የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ አለ። ሄልሜት አለ። የመጀመሪያው ዘይት፣ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ካንዴላና የፍሪሲዮን ሽቦ አለ። በእኛ ግምት 10 ብር ያለው ሰው 8ቱን ለሞተሩ፣ 2ቱን ለእነዚህ ቢመድብ አይቆጭም። 10ሩንም ከፍሎ የመጣ ሰው ሰሌዳውን «ሲገኝ አወጣለሁ» ይልና ዓመት ያልፋል።

ሄልሜቱን ለይተን እናንሳው፤ ብዙ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋልና። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሳቸው ጥናቶች ሄልሜት ማድረግ የሞትን አደጋ በ40 በመቶ ገደማ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ያሳያሉ። ከኋላ ለምትቀመጠው ሚስት ወይም እናትም ሁለተኛ ሄልሜት ያስፈልጋል። ለሞተሩ ያን ሁሉ ከፍሎ ለራስ ቅል መሰሰት ሒሳብ አይሆንም።

የቤንዚኑም ዋጋ ታስቦ መገዛት አለበት። እንዲህ ያለ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ይፈጃል። ከእንፍራንዝ ጎንደር ደርሶ ለመመለስ 3 ሊትር ገደማ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሊትሩ 48 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይህ ጉዞ 144 ብር ያህል ይፈጅ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ሊትሩ ከ101 ብር ሲያልፍ ያው ጉዞ ከ300 ብር በላይ ሆነ። ከዚያም ወዲህ ዋጋው ጨምሯል። ይህም ከማደያ ሲገኝ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጠው ዋጋው የትየለሌ ነው፤ ላምባ ወይም ውኃ የተቀላቀለበትም ከሆነ የሚያቃጥለው ኪስን ብቻ ሳይሆን ሞተሩንም ነው።

የመለዋወጫውም ነገር እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ካቴናም ኩሽኔታም በዶላር የሚመጣ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። ስለዚህ መለዋወጫው እንደ ልብ የሚገኝ፣ ብዙ ነጋዴ የሚያስመጣው ዓይነት ሞተር መምረጥ ዛሬ ከበፊቱ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ

ሞተሩ ተገዛ፣ ወረቀቱም ተሟላ እንበል። በምን ይምጣ? አዲስ አበባ ላይ የገዛ ሰው ደስታው አስቸኩሎት ራሱ ነድቶ ሊመጣ ይችላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። አዲስ ሞተር የመጀመሪያዎቹን ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር በለዘብታ መነዳት ይፈልጋል፤ ፒስተኑና ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመዱት በዚህ ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ጋዝ እስከ መጨረሻው መስጠት፣ ከባድ ጭነት መጫን፣ ረጅም ሰዓት በአንድ ፍጥነት መንዳት አይመከርም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን መውጣት ደግሞ አዲስ ሞተርን በሙቀትና በዳገት መፈተን ነው።

ስለዚህ ከሩቅ የተገዛውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ማምጣት የተሻለ ነው። ሲጫን ቤንዚኑ ይቀዳ፤ በሁለት ወገን ከመሪው ሥር ካለው ጠንካራ ብረት ላይ በገመድ ይታሰር። በመቆሚያ እግሩ ብቻ ቆሞ እንዲጓዝ አይተው፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይወድቃልና። ጎንደር ወይም ባሕር ዳር የገዛ ሰው ግን በቀን፣ ሳይጭን፣ በመሐሉ እያረፈ ቢነዳ ችግር የለበትም። ያም ቢሆን ቋሚ ሰሌዳው እስኪወጣ ተላላፊ ሰሌዳና የመድን ወረቀት ሊኖረው ግድ ነው። ሞተሩን ከመረከቡ በፊት ሻንሲው ላይ የተቀረጸውን ቁጥርና የሞተሩን ቁጥር ከዲክላራሲዮኑና ከደረሰኙ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያይ። አንዲት ቁጥር ብትሳሳት ምዝገባው ላይ ትጣላለች።

ቤት ከደረሰ በኋላ የመጀመሪያው ዘይት 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይቀየር። ያ ዘይት ጥቁር ሆኖ፣ የብረት ብናኝ ይዞ ይወጣል፤ መውጣቱ ግን መልካም ነው። ካቴናው ይታይ፣ ቡሎኖቹ ይጠበቁ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ፣ የሞተር ዕድሜ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።

ኤሌክትሪኩስ?

አንዳንድ ሰዎች «መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ አሁን የዱሮ ሞተር መግዛት ወደ ኋላ መሄድ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ነጥቡ ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌት ካንዴላም ካርቡራቶርም የለውም፤ ከፍታም ጉልበቱን አይቀንስበትም፤ የቤንዚን ሰልፍም አያውቀውም። መብራት በማይጠፋበት ከተማ ውስጥ በቀን ጥቂት ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ከወዲሁ ይሻለው ይሆናል። ለእንፍራንዝ ዙሪያ ቀበሌዎች ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ባትሪው ዳገት ላይ ቢያልቅ በሃይላንድ አይቀዳም። ባትሪው ሲያረጅም የሚለውጠው ሰው ቅርብ መኖር አለበት። መለኪያው እዚህም ያው ነው፤ በአካባቢው የሚጠግነው ካለ ይገዛ፣ ከሌለ ይቆይ። ወረቀቱን በሚመለከት ደግሞ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም፤ ኤሌክትሪኩም ሊብሬ ይፈልጋል።

ምን ይደረግ?

ገዢውን ብቻ መምከር ግን ፍትሕ አይሆንም። ሰው በውክልና የሚገዛው ሕግ ጠልቶ አይደለም። ስም ለማዛወር ሁለት ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ፣ መኝታና ምግብ ከፍሎ፣ «ነገ ተመለስ» ሲባል ጊዜ ስለሌለው ነው። ሕጉ የምዝገባ ግዴታ ካስቀመጠ መንገዱም አብሮ ሊጠረግ ይገባል። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እንላለን።

አንደኛ፣ አዲስ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ ሞተሩን በገዢው ስም አስመዝግቦ፣ ሰሌዳ ለጥፎና መድን አስገብቶ እንዲያስረክብ ይደረግ። ክፍያው በዋጋው ላይ ተደምሮ ይታወቅ። ነጋዴው መንገዱን ያውቃል፤ ገበሬው አያውቅም። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ደንበኛ እንደሚበዛለት አንጠራጠርም።

ሁለተኛ፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች በወር አንድ ቀን፣ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት የገበያ ቀን፣ እንደ እንፍራንዝ ወዳሉ ከተሞች ወርደው ይመዝግቡ። ግብር ሰብሳቢው ገጠር ድረስ መውረድ ከቻለ መዝጋቢው የማይወርድበት ምክንያት አይታየንም።

ሦስተኛ፣ ቀድሞ በውክልና ተይዘው ያሉት ሞተሮች የጉምሩክ ችግር እስከሌለባቸው ድረስ ያለ ቅጣት በገዢው ስም የሚዛወሩበት የተወሰነ ጊዜ ይሰጥ። መንግሥት የማያውቃቸው ሞተሮች ቢመዘገቡ ግብሩም፣ መድኑም፣ ለፀጥታውም ቁጥጥሩ ይሻሻላል። ሁሉም ወገን የሚያተርፍበት ነገር ሁልጊዜ አይገኝም፤ ይህ ግን አንዱ ነው።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። ሞተር ብስክሌትም ቀበሌ ድረስ ያደርስ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት፣ ኬላና ባንክ ፊት ግን ቆሞ የሚከራከርለት ሊብሬው ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ዕቁቡ የሚደርሰው ሰው ሻጩን «ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «በማን ስም ነው?» ብሎ ይጠይቅ።